ሪሲቨሩ አልተበላሸም ነበር

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ ብታነቡት ይሻላል።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ቤታቸው ከኛ ሦስት አጥር አለፍ ብሎ ነው። «ቲቸር፣ የአባዬን ሪሲቨር ቁራሌው በአምስት መቶ ብር ልውሰደው እያለ ነው። እማዬ ግን መጀመሪያ እሱ ይየው ብላለች» አለኝ። ሪሲቨር ሲለኝ የዲሽ መስሎኝ «አምስት መቶማ ከሰጠ ምን ትጠብቃለህ!» ብዬ ልዘጋ ነበር። ዛሬ ሪሲቨር ማለት ከዲሽ ጋር የሚገጠመው ትንሽ ሳጥን ሆኗላ። «የእንጨቱ ነው፣ ትልቁ» ሲለኝ ግን ጫማዬን አጠለቅሁ።

ያን ዕቃ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን እነሱ ቤት ስንገባ ቡፌው ላይ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ ነበር፤ መንካት ክልክል ነው። አባትየው በአሰብ መስመር ኤንትሬ ከነተሳቢው የሚነዱ ሹፌር ነበሩ። በ1989 ዓ.ም አረፉ። ከዚያ ወዲህ ዳንቴሉ እየታጠበ ይመለስበታል እንጂ ዕቃውን የከፈተው የለም።

ስደርስ ልጁ ሪሲቨሩን ከቡፌው አውርዶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ማከፋፈያ ጎትቶ ሊሰካ ነው። «ቆይ! እንዳትሰካ!» ብዬ ስጮህ እናቱ ደነገጡ።

የጮህኩበት ምክንያት አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ አዳማ አጎቴ ቤት ከአሜሪካ ዘመድ የላከለት አምፕሊፋየር ነበር። እሱ ሥራ በሄደበት ቀን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ጭሱ በክዳኑ ቀዳዳዎች ወጣ፤ ሽታው ሳሎኑን ለሳምንት አልለቀቀም። ዕቃው የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የኛ መስመር 220 ነው። አጎቴ አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም። በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተተው። ምነው በመታኝ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ ዕቃ ሳገኝ ከፊቱ አልጀምርም፤ አዙሬ ጀርባውን ነው የማየው።

ታሪክ ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ጥቀሱ ስላችሁ ሐውልት፣ ሳንቲም፣ ብራና ትሉኝ ነበር። «የሹፌር ሪሲቨር» ብሎ የጻፈ ቢኖር ያኔ ኤክስ አደርግበት ነበር። አሁን ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ።

ፊቱ ላይ የቀረው ጽሑፍ «ሳንሱይ» የሚለው ነው፤ የሞዴል ቁጥሩ በጨርቅ ብዛት ተፍቆ ጠፍቷል። ሳንሱይ እ.ኤ.አ. በ1947 ቶኪዮ ውስጥ የተመሠረተ፣ መጀመሪያ ትራንስፎርመር ይሠራ የነበረ ኩባንያ ነው። ስሙ በጃፓንኛ «ተራራና ውኃ» ማለት ነው። እሺ፣ ሞዴሉ ከጠፋ ዘመኑን በምን እናውቃለን?

ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ «አራት ቻናል አዳፕተር» የሚል የተጻፈባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ይሄ ለኔ እንደ ማኅተም ነው። በፈረንጅ 1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኩባንያዎቹ ሙዚቃን በሁለት ሳይሆን በአራት ስፒከር እናሰማ ብለው ተነሡ፤ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ግን ሁሉም የየራሱን ዘዴ ይዞ መጣ። የአንዱ ሸክላ በሌላው ማጫወቻ እንደ ልብ አይሠራም፤ ገዢው ግራ ገባው፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ቀረ። ስለዚህ ያ ጽሑፍ ያለበት ሪሲቨር ከ1970 ብዙ አይቀድምም፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽም ብዙ አያልፍም። በኛ ከ1962 እስከ 1969 ዓ.ም ገደማ መሆኑ ነው። እማማም «ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ነው ያመጣው» አሉ። ገጠመልኝ።

«ከየት ነው ያመጧት?» አልኳቸው።

«ከአሰብ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ወይ ከአስመራ... አስመራ ይመስለኛል። ማን ጠይቆት!»

እዚህ ላይ ጀርባውን እንጠይቅ። አንደኛ፣ የገመዱ ጫፍ ጠፍጣፋ ሁለት ጥርስ ያለው የአሜሪካ ሶኬት ነው፤ ለኛ ግድግዳ እንዲሆን መለወጫ ተሰክቶበታል። ሁለተኛ፣ ከጀርባው ሌላ ዕቃ የሚሰካባቸው ሴቴ ሶኬቶች አሉ፤ እነሱም ጠፍጣፋ። ሦስተኛው ግን ዋናው ነው። ጥግ ላይ 100፣ 117፣ 220፣ 240 የሚሉ ቁጥሮች ያሉባት ተነቃይ መሰኪያ አለች፤ አጠገቧ «50-60 ኸርትዝ» ይላል። አሜሪካ ውስጥ ሱቅ የሚሸጥ ዕቃ እንዲህ ያለ ነገር አያስፈልገውም፤ እዚያ 120 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ ብቻ ነው። ይሄኛው ከሀገር ሀገር ለሚዘዋወር ሰው የተሠራ ነው። ያን ጊዜ ከሀገር ሀገር የሚዘዋወር፣ ኪሱ ውስጥም ገንዘብ ያለው ሰው ማነው ካላችሁ፣ የአሜሪካ ወታደር ነው። በጦር ሰፈሮቻቸው ውስጥ ፒኤክስ የሚባል ሱቅ አላቸው፤ የጃፓን ስቴሪዮ ያለ ቀረጥ በርካሽ ይሸጥበት ነበር። ዛሬ ጀርመን፣ ነገ ኮሪያ ለሚሄድ ወታደር ቮልቴጅ መቀየሪያ ግድ ነው።

እኛ ሀገር ደግሞ እንዲህ ያለ ሰፈር ነበር፤ አስመራ ላይ ቃኘው ስቴሽን። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ የሬዲዮ መገናኛና መጥለፊያ አድርገው የያዙት ነው፤ ደርግ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም ዝጉና ውጡ አላቸው። ወታደር ሲዛወር ዕቃውን መሸጡ የትም ያለ ነው። መሰኪያዋ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ድረስ 117 ላይ ነበረች፤ የፊተኛው ባለቤት እንደተዋት ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ወደ አስመራ ያዘነብላል እንጂ ነገሩን አይዘጋውም። አንድ መርከበኛ አሰብ ላይ ሸጦላቸው ይሆናል። ፈተና ላይ ብትጽፉት «ሳይሆን አይቀርም» በሉ።

«117 ላይ ከሆነ ሰውየው እንዴት ተጠቀሙበት?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ጎበዞች ናችሁ። እኔም ጠየቅሁ። እማማ ሳቁ። «ከባድ ብረት ነበረው፣ ከሥሩ የሚቀመጥ። ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው። አምና ለቁራሌው ሰጠሁት።» ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመሩን ነው! አሥራ ምናምን ዓመት በዚያ ብረት ሲሠራ የኖረ ዕቃ ያለሱ ግድግዳው ላይ ሊሰካ ነበር። መሰኪያዋን አዙሮ 220 ማድረግ እንደሚቻል ሰውየው ሳያውቁት ኖረዋል። የነገራቸው ቢኖር ያን ብረት ሁሉ ባልገዙ።

(ቤታችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ፦ መሰኪያዋን ስትቀይሩ ፊውዙንም ቀይሩ። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን የሚስበው አምፔር በግማሽ ይቀንሳል፤ የድሮውን ትልቁን ፊውዝ ከተዋችሁት በጊዜው አይቆርጥላችሁም። መጀመሪያ ስትከፍቱትም ጠጋኞች እንደሚያደርጉት 100 ዋት አምፖል በሲሪየስ አስገቡበት። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ንቀሉት።)

አሁን ወደ ድምፁ ቀዳዳዎች። እነዚህ ናቸው ቅዳሜዬን የበሉት። ከግራ ጀምሮ «ፎኖ» የሚለው ጥንድ አለ፤ የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ ነው። ከአጠገቡ የመሬት ሽቦ የሚታሰርባት ብሎን አለች፤ እሷ ካልታሰረች «ኡምምም» የሚል ድምፅ ይበጠብጣችኋል። ፎኖ ከሌሎቹ ይለያል። ከሸክላ መርፌ የሚመጣው ምልክት ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ «ኦክስ» የሚለው መግቢያ ደግሞ ወደ 150 ሚሊቮልት ይጠብቃል። ሸክላው ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ ቀጭኑ ከፍ ተደርጎ ስለሆነ፣ ፎኖ መልሶ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ስልካችሁን ፎኖ ላይ ብትሰኩ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ነው። ስልክ ኦክስ ላይ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ለቴፕ ሁለት ሁለት ጥንድ፤ አንዱ መቅጃ መውጫ፣ አንዱ ማጫወቻ መግቢያ። በስተቀኝ ስፒከር «ሀ» እና «ለ»፤ ሁለት ክፍል ለማሰማት። ከላይ የአንቴና ብሎኖች።

ልብ በሉ፣ የቀዳዳዎቹ ቀለም አንድ አይደለም። አብዛኞቹ ጠቁረዋል። አራት ቻናሎቹ እንደ ፋብሪካ ናቸው፤ አንድም ቀን አልተነኩም። ፎኖ ትንሽ ተፍቷል። የቴፕ መቅጃ መውጫው ግን በመሰካትና በመንቀል ብዛት ቢጫ ነሐሱ እስኪታይ ተልጧል። ማጫወቻው ሳይሆን መቅጃው! ለምን?

«ሹፌሮቹ ናቸዋ» አሉ እማማ። «አሰብ ከመውረዳቸው በፊት እዚህ ያድራሉ። ሁሉም ካሴቱን ይዞ ይመጣል፣ ቅዳልኝ ይላል። እኔ ሽሮ ሳቀርብ እሱ ሸክላ ሲያገላብጥ።»

ሸክላና ካሴት የተገናኙበትን ዘመን አስቡት። አምሃ እሸቴ ገና ሃያዎቹ ውስጥ እያለ በ1961 ዓ.ም አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ሸክላ ማሳተም በሕግ የሀገር ፍቅር መብት ነበር። እሱ ደፍሮ የመጀመሪያዎቹን ህንድ ሀገር አሳተመ። እንደ ካይፋ ያሉት ተከተሉ። ኢትዮፒክስ የሚባለውን ተከታታይ አልበም ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደቆጠረው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት 500 የሚጠጉ ትንንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና 30 የሚጠጉ ትልልቅ ወጥተዋል። ከዚያ አበቃ። ደርግ፣ ሰዓት እላፊ፣ የሌሊት ክበብ የለም። ሙዚቃው ወደ ካሴት ዞረ። ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ እኛን የገዛን ግን በደርግ ጊዜ ነው። ሸክላ መኪና ውስጥ አይዘፍንም፤ ካሴት ይዘፍናል። ከሞጆ ተነሥቶ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ አፋርን አቋርጦ አሰብ ለሚገባ ሹፌር ካሴት እንደ ውኃ ነው። እዚህ ሳሎን ውስጥ የነበረው እንግዲህ የመንገዱ ሁሉ መቅጃ ቤት ነበር። ፎቶ የለም፣ ሰነድ የለም፤ የተላጠ ነሐስ ነው ያለው።

ከዚህ በኋላ ነው እማማ የተናገሩት ነገር እንቅልፍ የነሣኝ።

«እንጂማ ሬዲዮው ተበላሽቶ ነው የመጣው» አሉ። «አታለሉኝ እያለ ሲናደድ ኖረ። ማታ ማታ ይቺን መዘውር ከዚህ እዚያ፣ ከዚያ እዚህ። ሽሽሽሽ ብቻ። ሦስት ጠጋኝ ጋ ወስዶታል። ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ተሠርቷል ይላሉ፣ እቤት ሲመጣ ያው ሽሽሽ።»

ፊቱን አየሁት። የጣቢያ መስታወቱ ላይ ሁለት መስመር አለ። ታችኛው ኤ ኤም ነው፤ መካከለኛ ሞገድ ብቻ። የላይኛው ኤፍ ኤም፣ ከ88 እስከ 108። አጭር ሞገድ የለውም! ለአሜሪካ ሰው የተሠራ ሪሲቨር ስለሆነ አያስፈልገውም ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ እኛ የምንጓጓለት ሁሉ አጭር ሞገድ ላይ ነው። ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ የጀርመን ድምፅ አማርኛ፣ ከ1975 ጀምሮ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ፤ ሁሉም በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ የሚያዳምጣቸው። ለነዚያ ሰውየው ሌላ ትንሽ ትራንዚስተር ነበራቸው፤ እማማ ያስታውሷታል። ይሄ ትልቁ፣ ውዱ፣ መብራቱ ያማረው ሳጥን ለዓለም ዜና ደንቆሮ ነበር። በመካከለኛ ሞገድ የመንግሥቱን ሬዲዮ ይይዛል፤ እሱ ደግሞ ጎረቤትም አለ።

የቀረው ኤፍ ኤም ነው። መዘውሩን ከዳር ዳር ያዞሩት እሱን ፍለጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኤፍ ኤም ስቴሪዮ ሥርጭት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1961 ተጀምሯል። ሪሲቨሩ ላይ «ስቴሪዮ» የምትል ቀይ መብራት አለች፤ ጣቢያው ከድምፁ ጋር የሚልካትን ጆሮ የማይለያት የ19 ኪሎኸርትዝ ምልክት ስታገኝ ትበራለች። እኛ ሀገርስ? የመጀመሪያው የኤፍ ኤም ጣቢያ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ነው፤ አየር ላይ የዋለው በ1992 ዓ.ም። ሸገር 102.1 እና ሌሎቹ ከዚያ በኋላ መጡ።

ሰውየው ያረፉት በ1989 ነው። ሃያ ዓመት ያህል ሰማይ ላይ የሌለ ነገር ሲፈልጉ ነበር። ሪሲቨሩ አልተበላሸም፤ ጣቢያ ነበር የጠፋው። ከሦስቱ ጠጋኞች አንዱ እንኳ «ወንድሜ፣ በዚህ የሚተላለፍ የለም» አላላቸውም። ወይ አላወቁም፣ ወይ አውቀው ገንዘቡን በሉ።

(እኛም እኮ እንታለላለን። ከጃፓን በሚመጡ አሮጌ መኪኖች ሬዲዮ ላይ ኤፍ ኤሙ 90 ላይ ያቆማል፤ የጃፓን ባንድ ከ76 ስለሚጀምር። ስንቱ ነው ሬዲዮው ተበላሽቷል ብሎ ነቅሎ የጣለ! ትንሽ መለወጫ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።)

ክዳኑን በብሎን መፍቻ ከፈትን። የጠጋኞቹ እጅ ይታያል። የኤፍ ኤሙ ክፍል ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥቅልሎች እንዳይነኩ ፋብሪካው ሰም ያፈስባቸዋል። ሰሙ ተሰባብሯል፣ አንዱ ጥቅልል አናቱ ተሰንጥቋል። ጣቢያ ፍለጋ ያገኙትን ሁሉ አዙረዋል። ደህና የነበረውን ነው የነኩት።

መሰኪያዋን 220 አደረግናት፣ ፊውዙን ቀየርን፣ አምፖል በሲሪየስ አስገባን። አምፖሉ ቦግ ብሎ ደበዘዘ። ደህና ነው። መስታወቱ ውስጥ አረንጓዴ መብራት መጣ። ልጁ «ኧረ!» አለ። ግን ድምፅ የለም። ኤ ኤም ዝም፣ ኤፍ ኤም ዝም፣ ሽሽታው እንኳ የለም። የልጁ ፊት ወደቀ፤ «በቃ ቁራሌው ይውሰደው» አለ።

ፊቱ ላይ ያሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ አየሁ። «ቴፕ ሞኒተር» የምትለው ተጭናለች። ይቺ ቁልፍ ስትጫን ሪሲቨሩ ሌላውን ሁሉ ትቶ ቴፑን ብቻ ይሰማል፤ ቴፕ ከሌለ ዝም ነው። በዚህች ቁልፍ ምክንያት የስንት ሰው ደህና ዕቃ ቁራሌ ጋ ሄዷል መሰላችሁ። የጫኗት እሳቸው ናቸው። ከሳቸው በኋላ የነካው የለም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ካሴት ሲቀዱ ወይ ሲያዳምጡ እንደተዉዋት ናት። ልጁ ሊነካት እጁን ሰደደና መለሰ። እናቱን አየ።

እማማ ራሳቸው ነኩት። «ጠቅ» አለች።

ሽሽሽሽ።

ለአንቴና አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሽቦ አስረን መዘውሩን አዞርኩ። በግራው ስፒከር ብቻ፣ የሴት ድምፅ፣ ከዚያ ዘፈን። ቀኙ አይሠራም፤ ገና ነው። ጋዜጠኛዋ የጣቢያውን ቁጥር ስትናገር መርፌው ከዚያ በሁለት ሜጋኸርትዝ ገደማ አልፎ ቆሟል፤ የጠጋኞቹ ሥራ። ቀይዋ መብራት ግን በራች። ጠፋች፣ በራች።

እማማ ስፒከሩን ሳይሆን መብራቷን ነበር የሚያዩት። «ይቺ በርታ አታውቅም» አሉ። ጣቢያ ያልነበረ መሆኑን፣ በ1992 እንደመጣ፣ ዕቃው ደህና እንደነበረ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «እንግዲያው አላታለሉትም» አሉ። «ስንት ጊዜ ነው የሰደበው ያንን ሰውዬ።» የሸጠላቸውን ሰው ማለታቸው ነው።

ውጭ ከባድ መኪኖች ወደ ደረቅ ወደቡ እየገቡ ነበር። አሰብ በ1990 ዓ.ም በጦርነቱ ከተዘጋ በኋላ ዕቃው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የሞጆው ደረቅ ወደብ ሥራ ጀመረ። ባልየው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው ይደርሱበት የነበረው ወደብ ዛሬ ሌሊቱን በጥሩምባ እማማን እንቅልፍ ይነሣቸዋል። ልጃቸው የሚያወርደው ኮንቴይነር ውስጥ ስንት ሺህ ስፒከር እንደሚኖር እንጃ።

ቁራሌው እሑድ ጠዋት መጥቶ ነበር። ባዶ እጁን ተመልሷል።

አሁን የምፈልገው እርዳታ ነው። አንደኛ፣ አዳማ ወይ ቢሾፍቱ ያላችሁ፣ የድሮ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር በእርግጥ የሚያውቅ ጠጋኝ ጠቁሙኝ፤ የቀኙ ቻናል ይቀራል፣ የኤፍ ኤሙንም ጥቅልል ወደ ቦታው የሚመልስ እፈልጋለሁ። በእርግጥ የሚያውቅ ብያለሁ፤ አራተኛ «ተሠርቷል» ባይ አያስፈልገንም። ሁለተኛ፣ አልጋው ሥር አንድ ካርቶን ካሴት ተገኝቷል፣ የሰው ስም በእስክሪብቶ የተጻፈባቸው፤ ያልተወሰዱ መሆን አለባቸው። አባታችሁ ወይ አጎታችሁ በአሰብ መስመር ይነዱ ከነበረና ሞጆ ያድሩ ከነበረ ስማቸውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ካርቶኑ ውስጥ እፈልጋለሁ።